በስቶክሆልም ሆቴል በር ላይ የተሰማ ሳል

እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት አንዷ እኔ ነኝ፣ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ዲላ ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ተማሪ ተነስቶ «ቲቸር፣ ማታ ማታ ጅብ የሚሆን ሰው አለ አይደል?» ሲለኝ ከክፍሉ ጋር አብሬ የምስቅ፣ ጎረቤቴ «የሞተው ባሌ ጣራ ላይ ሲራመድ ሰማሁት» ስትለኝ «ድመት ነው እቴ፣ ይልቅ ተኚ» ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችንም ሙታን አይመለሱም ብላ ነው ያስተማረችን፣ ለመጋቢያችን ብነግራቸው እጃቸውን ጭነው ይጸልዩልኛል እንጂ አይሰሙኝም። ስለዚህ በሳይንሱም በእምነቱም በኩል የምሸሽበት የለኝም። ይሄን የማወራችሁ አምኜበት አይደለም፣ ደክሞኝ ነው፣ እመኑኝ፣ ብቻዬን መያዙ ደክሞኝ ነው።

ባለቤቴ በየነ አሪቻ አካባቢ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያስተዳድራል። ከዚያ ጣቢያ ቡና የሚገዛ ዮናስ የሚባል የስዊድን ሰው አለ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቆጮ በሹካ የሚበላ፣ «አመሰግናለሁ»ን በቀን ሃምሳ ጊዜ የሚል ደግ ሰው ነው፣ ባለፈው ዓመት ሳይሆን በፊተኛው «አንተ የምታጥበውን ቡና የእኛ ሰዎች ሲጠጡት መጥተህ እይ፣ ባለቤትህንም ይዘህ ና» ብሎ ቲኬት ላከልን። አምስት ቀን። እኛ በተጋባን በሦስተኛው ቀን እሱ ወደ ጣቢያው እኔ ወደ ፈተና እርማት የተመለስን ሰዎች ነን፣ በአሥራ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ሁለታችን ብቻችንን ያደርንበት ቀን በጣት ይቆጠራል፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ያጓጓኝ ስቶክሆልም አልነበረም፣ ማንም «ቲቸር» ወይም «እማ» ብሎ የማይጠራኝ አምስት ቀን መተኛት ነበር። ጥር መጀመሪያ ነበር፣ ቡናው ደርቆ ገብቷል፣ እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ። ልጆቹን እህቴ ጋ አደረግን፣ ከሰልባጅ ተራ ሁለት ወፍራም ካፖርት ገዛን፣ የእኔ እጅጌው ረዝሞ ጣቴን ይደብቅብኝ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ከዲላ በስተ ደቡብ ወዳለችው ገደብ ሄደን የበየነን እናት ተሰናበትን። እማማ ብርቄ ማለት ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ ቁመታቸው ከእኔ ደረት አያልፍም፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጫፉ ብረት የሆነ ምርኩዝ ይዘው ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት፣ ጠቅ፣ ሸርተት፣ ጠቅ፣ ሸርተት።

«የት ነው የምትሄዱ?» አሉን።

«ስዊድን ነው እማዬ፣ ሩቅ ነው» አለ በየነ፣ «እዚያ አሁን ብርድ ነው፣ ፀሐይ በዘጠኝ ሰዓት ትገባለች።»

«ታዲያ ሰዉ መቼ ነው ሥራ የሚሠራ?» አሉና እሱ በሳቅ ሲፈርስ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጄ፣ ደክመሃል፣ ፊትህ ጠፍቷል፣ እዚያ ሂድና ተኛ» አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት አይለዩም፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «አንተ» ሲሉኝ ኖረዋል፣ የራሴ እናት ከሞተች ወዲህ ድካሜን አይቶ የነገረኝ ሰው ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ስለ እማማ ብርቄ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። በር አያንኳኩም። ማንኳኳት የፖሊስ ነው ይላሉ። ዲላ እኛ ቤት ሲመጡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ ደጅ ላይ ይቆሙና ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሁለት ጊዜ፣ «እህህ፣ እህህ»፣ ከዚያ ዝም ብለው «ይግቡ» እስኪባሉ ይጠብቃሉ። አንድ ክረምት ቴሌቪዥን ከፍተን ሳንሰማቸው ቀርተን ዝናብ ሲወርድባቸው አገኘኋቸውና «እማማ፣ የልጅዎ ቤት እኮ ነው፣ ምነው አይገቡም?» ብላቸው፣ ከሻሻቸው ላይ ውኃ እየተንጠባጠበ «ግባ ያለኝ የለም» አሉኝ። ያን ቀን በየነ ራሱን ይቅር አላለም፣ ለአንድ ሳምንት ቴሌቪዥኑን አላበራም።

እንግዲህ ረቡዕ ማታ ስቶክሆልም ገባን። ብርዱን አልነግራችሁም፣ ብርድ አይደለም፣ ቁጣ ነው። ከተማው ግን ያምራል፣ መስኮቱ ሁሉ ላይ ትንሽ ትንሽ መብራት ተቀምጧል፣ ባሕሩ ከዳር ዳሩ በረዶ ሆኖ መርከቦቹ እየሰበሩት ያልፋሉ። ሆቴላችን አሮጌ ሕንፃ ነው፣ ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ጠባብ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ኮሪደሩ ላይ ያለው መብራት ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚበራው፣ ከቆማችሁ ጥቂት ይታገስና ይጠፋል፣ በየነ ይሄን ሲያይ እንደ ሕፃን ሆነ፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና ሲጨልምበት እጁን ያወዛውዛል፣ «አየሽ አስቴር፣ ሰው ካልተንቀሳቀሰ የለም ብሎ ነው የሚያስበው» ይለኛል። ሳቅኩ። ከልቤ የሳቅኩት የመጨረሻዬ ያ ይመስለኛል።

ሐሙስ ጠዋት ዮናስ መጥቶ ወደ ቡና መቁያው ወሰደው፣ እኔ ተኝቼ ልዋል ብዬ ቀረሁ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ስልኬ ጮኸ። የበየነ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዘለቀ ነው። በበየነ ስልክ ሳይሆን በእኔ ነው የደወለው።

«አስቴር፣ ብቻሽን ነሽ?»

ይሄ ጥያቄ በእኛ አገር ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ።

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።»

«ቁጭ በይ።»

«ተቀምጫለሁ» አልኩት፣ ቆሜ ነበር።

«እማዬ አረፈች። አልታመመችም፣ ቁርሷን በላች፣ ጋደም ልበል አለች፣ በዚያው ቀረች። ቀብሩ ነገ ነው።» ድምፁ ተቆረጠና ተመለሰ። «በየነ እንዳይሰማ።»

«ጋሼ፣ እናቱ እኮ ናት!»

«እናቱ ስለሆነች ነዋ! መርዶ በሰው አገር ይነገራል? ራሱን ቢስት ማን ይይዘዋል? ለቀብር አይደርስ፣ ከዘመድ ጋር አያለቅስ፣ በረዶ ላይ ተንከባሎ ይቅር? ሰኞ ማታ ትገባላችሁ፣ ማክሰኞ ንጋት ሽማግሌ ይዤ መጥቼ በቤቱ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ሆድ ይፍጀው። ቃል ግቢልኝ አስቴር።»

ገባሁለት። አትፍረዱብኝ፣ እናንተም ብትሆኑ ትገቡ ነበር፣ መርዶ በእኛ ዘንድ በንጋት፣ በገዛ ቤት፣ ሰው ከቦ ይዞ ነው የሚነገረው፣ እኔም ለስንቱ ጎረቤት እንደዚያ አድርጌ ሸሽጌያለሁ። ግን ስልኩን ስዘጋ ማሰብ ጀመርኩ፣ በየነ ያወቀ ቀን እኔን ምን ይለኛል? እናቱ መሬት ስትገባ ከእሱ ጋር ፎቶ ስነሳ የዋልኩትን ሴት ይቅር ይለኛል? በየነ ቁጡ አይደለም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ የሚዘጋ ሰው ነው፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር በአንዲት ውሸት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው፣ እስከ ዛሬ አይነጋገሩም።

ከሰዓት ሲመለስ ሮጬ የሠራሁት ሥራ ስሙን አላውቀውም። ሲታጠብ ስልኩን አነሳሁ፣ የዘመድ ግሩፑ ላይ «ጌታ ያጽናናችሁ» መደርደር ጀምሯል፣ አንዱንም ሳያይ ከግሩፑ አስወጣሁት። ወጥቶ «ለእማዬ ልደውልላት» ሲል «ገደብ ኔትወርክ የለም፣ እህቴ ነግራኛለች» አልኩት። ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ብዙ ስለሆነ አመነኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፣ የኔው ግን እያደር ከበደ።

ያን ዕለት ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙሉ ጨለማ ሆኖ፣ ገበያ እንውጣ አለኝ። ለማን ምን ገዛ መሰላችሁ? ለእናቱ የበግ ፀጉር ነጠላ ጫማ። ሻጯ ቁጥሩን ስትጠይቀው አያውቀውም፣ መዳፉን ዘርግቶ ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው ድረስ አሳያት፣ «እዚህ ድረስ ናት እግሯ» አላት በአማርኛ፣ ልጅቷም ገባት። «ቡናማው ነው ቀዩ የሚሻላት?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ቀዩ» አልኩት፣ ከዚያ ካፖርት መደርደሪያ ጀርባ ሄጄ ረጅሙን እጅጌ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ቆምኩ።

ከሱቁ ወጥተን ስንሄድ ነው የሰማሁት። ከኋላችን። ጠቅ፣ ሸርተት። ጠቅ፣ ሸርተት። ዞር አልኩ። የአገሩ አሮጊት ናቸው፣ ቀይ ኮፍያ አድርገው፣ ምርኩዛቸው ጫፍ ላይ በረዶ የሚነክስ የብረት ጥርስ ተገጥሞለታል፣ እዚያ ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚይዘው። «በይ አስቴር፣ ሳይንስ አለሽ» አልኩ ለራሴ፣ ትንፋሼም ተመለሰ። አሮጊቷ ደርሰውብን አለፉን፣ ከፊታችን ወደ ግራ ታጠፉ፣ ሄዱ። ጠቅታው ግን ከኋላችን ነበር። አሁንም ከኋላችን። በየነን ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፣ «ምነው?» አለኝ፣ «በረደኝ» አልኩት፣ ይሄንንስ አልዋሸሁትም፣ በርዶኝ ነበር።

ዓርብ የቀብሩ ቀን ነው። ጠዋት ቁርስ በልተን በአሳንሰሩ ስንመለስ፣ በሩ ሲከፈት የኮሪደሩ መብራት ቀድሞ በርቶ ጠበቀን፣ ከዳር እስከ ዳር ማንም የለም። «ሰው አልፎ ይሆናል» አለ በየነ። አልፎ ይሆናል አልኩ እኔም። ከዚያ ዮናስ በመርከብ አዞረን፣ ገደብ ላይ ሳጥን ተሸክመው በሚሄዱበት ሰዓት እኔ ቀረፋ የተነሰነሰበት ዳቦ እየበላሁ «ቬሪ ናይስ» እላለሁ፣ በየነ ደግሞ ስለ እሸት ቡና ለቀማ ለዮናስ ሲያስረዳ እናቱን ይጠቅሳል፣ «የበሰለውን በጣቷ ስሜት ብቻ የምትለየው እናቴ ናት» ይለዋል፣ ናት ይላል፣ ነበረች አይልም።

ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ሆቴል ገባን። በየነ ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያወልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔ መተኛት አልቻልኩም፣ መስኮቱ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ልክ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣ ሰዓቴን ስላየሁ ነው፣ ውጪው ጨለመ፣ በእኛ አገር ልጆች ከትምህርት ቤት ሳይወጡ ማለት ነው፣ መብራትም አላበራሁም እንዳልቀሰቅሰው ብዬ።

አሳንሰሩ ሲቆም ሰማሁ። የበሩን ሁለት ክንፍ መከፈት ሰማሁ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ፣ ታፍኖ፣ ጠቅ፣ ሸርተት። ጠቅ፣ ሸርተት። እየቀረበ መጣ። በበራችን ሥር ባለው ክፍተት የኮሪደሩ መብራት ፏ ብሎ ገባ። ጠቅታው በራችን ላይ ቆመ።

«እህህ፣ እህህ።»

ያ ሳል የሌላ የማንም ሳል አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ የመጀመሪያው አጠር፣ ሁለተኛው ረዘም ይላል። ከዚያ ዝምታ። ያ ዝምታ ነው የከፋው፣ ምክንያቱም የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነበር።

በእግሬ ጣት ሄጄ በሩ ላይ ባለችው ትንሽ የውጪ ማያ መስተዋት አየሁ። ኮሪደሩ ቦግ ብሎ በርቷል፣ ፊት ለፊት ያለው በር፣ ግድግዳው፣ ሥዕሉ ሁሉ ይታያል። ሰው የለም። «ይኸው፣ የለም፣ ጆሮሽ ነው» አልኩ። ከዚያ ግን አንድ ነገር ገባኝ፣ መስተዋቷ በእኔ ዓይን ልክ ናት፣ እማማ ብርቄ ደግሞ ደረቴ ድረስ ናቸው። ከበሩ ተጠግተው ቢቆሙ አላያቸውም።

«እህህ፣ እህህ።»

በየነ አልጋው ላይ ተንቀሳቀሰ። ተነፈሰ። አልተነሳም። እኔ ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ፣ ጋኔን ነው አላልኩም፣ በኢየሱስ ስም ሂድ አላልኩም፣ ያሰብኩት ይሄ ሰው እናቱ እንደሞተች ያውቃል፣ አሁን ያውቃል፣ ከእኔ ሳይሆን ከእሳቸው ይሰማል፣ ያኔ እኔ አበቃልኝ፣ ይሄን ነው። ስለ ራሴ ነው ያሰብኩት። እና አፌን ከበሩ ክፍተት አጠገብ አድርጌ በሹክሹክታ እንዲህ አልኩ፦

«እማማ፣ አልነገርኩትም። ማክሰኞ ጋሼ ዘለቀ ይነግረዋል። እባክዎ ይሂዱ፣ አሁን አይሆንም፣ ይሂዱልኝ።»

ሦስተኛው ሳል አልመጣም። የሄደ እግርም አልሰማሁም። ምንም አልሰማሁም። መብራቱ በበሩ ሥር ጥቂት በራ፣ በራ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ልብ በሉ፣ የሚጠፋው ሰው ሲሄድ አይደለም፣ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ነው፣ የሄደ ሰው ቢኖር እስከ አሳንሰሩ ድረስ በርቶ ይከተለው ነበር። እኔ ወደ መስኮቱ ተመለስኩና ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ፣ እግሬ ሊቆረጥ ደርሶ፣ ወንበሩ ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ላይ እያለ አልተቀመጥኩም። ለምን እንዳልተቀመጥኩ አትጠይቁኝ። ዞር ማለት አልፈለግኩም፣ ያ ብቻ ነው።

በየነ አሥር ሰዓት ተኩል አካባቢ ተነሳ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውኃውን ለረጅም ጊዜ ከፈተው። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ «ደህና ተኛህ?» አልኩት፣ «ደህና» አለኝ፣ «ራት እንብላ።» በላን። ቅዳሜም ዞርን፣ የነገሥታቱን ቤት አየን፣ ከድልድይ ላይ ዳክዬ አየን፣ ፎቶ አንሱን ስንል ሰው አነሳን። እሁድ አውሮፕላን ውስጥ ቀበቶዬን አስሬ ዓይኔን ልጨፍን ስል ነው አንድ ነገር ብልጭ ያለብኝ፣ ከዓርብ ከሰዓት ወዲህ በየነ ለእናቱ ልደውል ብሎኝ አያውቅም። ኔትወርክ ተመለሰ ወይ ብሎ አልጠየቀም። ጎኔ ተቀምጦ እጄን ይዞ ተኝቶ ነበር፣ ፊቱን ብመለከት ብመለከት ምንም ላነብበት አልቻልኩም።

ማክሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ ዘለቀ ሦስት ሽማግሌዎችና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይዞ መጣ። በየነ ለብሶ፣ ሳሎን ተቀምጦ ነበር። ነገሩት። አለቀሰ፣ እንደ ሰው አለቀሰ፣ ያዙት፣ ደገፉት፣ እኔም ስድስት ቀን የታፈነው ሁሉ ወጣልኝና እሪ አልኩ። ጋሼ ዘለቀ በኋላ ጓሮ ወስዶኝ «ጎበዝ፣ ቃልሽን ጠበቅሽ፣ አንቺ ባትኖሪ እዚያ ጉድ ይፈላ ነበር» አለኝ። እኔ ግን ለቀስተኛው መሀል በየነን በዓይኔ ሰርቄ አየው ነበር፣ መቼ ነው ወደ እኔ ዞሮ የሚዘጋው እያልኩ። ድንኳኑ እስኪነሳ፣ ሰው እስኪሳሳ ጠበቅኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ «ቁጭ በይ» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የሚሄድ መሰለኝ።

«ዓርብ ዕለት፣ ሆቴሉ ውስጥ፣ ተኝቼ አልነበረም» አለኝ።

ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ተቀመጥኩ።

«ሳሏን ሰማሁ። መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። አንቺ በሩ ጋ ሄደሽ ስታናግሪያት ሰማሁ፣ አልነገርኩትም ስትያት፣ ይሂዱልኝ ስትያት። ያኔ አወቅኩ። ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ አስቴር፣ እውነቴን ነው፣ ያን ደቂቃ ጠላሁሽ። እናቴን ከደጅ መለስሽ ብዬ፣ ከእንግዲህ ከዚህች ሴት ጋር አንድ ጣራ ሥር አላድርም ብዬ ወስኜ ነበር።»

«በየነ...»

«ቆይ። ከዚያ ዞር አልኩ። አየሁሽ። በሩን ስትከፍችላት አየሁሽ። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብለሽ "ይግቡ እማማ" አልሻት፣ ክንዷን ይዘሽ ወንበሩ ላይ አስቀመጥሻት። ምርኩዟን ተቀብለሽ ግድግዳው ላይ አስደገፍሽላት። ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ተቀመጠች፣ ሻሿን አየሁት፣ ትንፋሿን ሰማሁት። አልተነሳሁም፣ ብነሳ የምትሄድ መሰለኝ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ አየኋት።» ዓይኑ ሞላ። እጄን ያዘ። «ቃል ገብተሽ ስለነበር መናገር አልቻልሽም፣ ገብቶኛል። ግን ደጅ አላስቀረሻትም። ያንን ባላይ ኖሮ ይቅር አልልሽም ነበር፣ ይሄን እንድታውቂው ነው።»

እኔ በሩን አልከፈትኩም። እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ፣ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነግሬያችኋለሁ፣ ቁልፉን አልነካሁም፣ ይግቡ አላልኩም፣ መስኮቱ ጋ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፣ «እኔ አልነበርኩም» ልለው ነበር፣ ዓይኑን ሳይ ዘጋሁት። እጁን ሳምኩና ራት ልሥራ ብዬ ተነሳሁ።

ይኸው ዓመት አለፈው። ለመጋቢው አልነገርኩም፣ ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለእሱማ እንዴት ብዬ፣ ብነግረው እናቱን በበረዶ አገር ደጅ አቁሜ ያባረርኩ ሴት እሆናለሁ፣ ባልነግረው ደግሞ ባሌ ይቅር ያላት ሴት እኔ አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ደግ ሆኖልኛል በየነ፣ ከበፊቱ ይበልጥ ይወደኛል፣ ሲመሽ ከሥራ ገብቶ ውኃ ሳቀርብለት ቀና ይልና ዝም ብሎ ያየኛል፣ እንዲህ በምስጋና፣ ረጅም። እኔም ፈገግ እላለሁ፣ ምን ላድርግ፣ ደክሞኛል። እያየ ያለው እኔን ይሁን ያቺን በሩን የከፈተችለትን፣ አላውቅም።